ቤተሰቤ አሮጌዋን ቮልሴን እንዲወዳት ምን ላድርግ?

ባለ 69ኟ፦

ሰላም ለሁላችሁ።

እ.ኤ.አ. የ1969 ቮልስ አለችኝ፤ 1300 የምትባለዋ። አራት ዓመት ሙሉ የእረፍት ቀኖቼን የበላች መኪና ናት። ወለሏን አስበየድኩ። ሞተሯን ፈትቼ ገጠምኩ። ቀለሟን ወደ ድሮው ፈዛዛ ሰማያዊ መለስኩት። ስሠራ ዓይኔ ላይ የነበረው እኔ መሪው ላይ፣ ባለቤቴ ከጎኔ፣ ልጆቹ ከኋላ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ስንሄድ ነው።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ለመጀመሪያው ጉዞ ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ መረጥኩ። ሞተሩ ከልጆቹ ጀርባ ይጮሃል። ሙቀቱ ደግሞ አለ። የስድስት ዓመቱ ልጄ ግማሽ መንገድ ላይ አለቀሰ። ባለቤቴን የቤንዚን ሽታ ራሷን አዞራት።

ባለፈው ወር የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ ይዣቸው ሄድኩ። ከማለዳ እስከ ማታ ቆየን። እኔ ዳኞቹ እስኪመጡ እወለውላለሁ፤ ልጆቹን ደግሞ "አትንኩ፣ አትደገፉ፣ በሩን ቀስ" እላለሁ። ወደ ማታ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ መጥታ "አባዬ፣ በኛ መኪና መቼ ነው የምንሄደው?" አለችኝ። ቤት የቆመችውን፣ የዘወትሯን መኪና ማለቷ ነው። ቮልሷ የኛ አይደለችም ማለት ነው። ያ ቃል እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

መሸጥ አልፈልግም። ብቻዬን መንዳትም አልፈልግም። ከቤተሰብ ጋር አሮጌ መኪና እየነዳችሁ ዓመታት የቆያችሁ፣ እንዴት አድርጋችሁ ነው?

የ59ኟ ሹፌር፦

ሰላም ወንድሜ። ጽሑፍህን ሳነብ ከሃያ ዓመት በፊት የነበርኩት እኔ ትዝ አልኩኝ። የኔዋ የ1959 ናት፤ 1192 ሲሲ፣ 30 የፈረስ ጉልበት። ሦስት ልጆች አሳድጌባታለሁ።

ልጅህ የተናገረችው ልክ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የነካሃት አንተ ብቻ ነህ። ስትፈታ አልነበሩም፣ ስትገጠም አልነበሩም። ስታልቅ ደግሞ "አትንኩ" ተባሉ። በምን በኩል የነሱ ትሁን?

ሥራ ስጣቸው። የማስመሰያ ሥራ ልጅ ወዲያው ያውቅብሃል። ካልተሠራ መኪናዋ የማትነሳበትን ሥራ ስጣቸው።

የኔዋ የቤንዚን ጌጅ የላትም። በዚያ ዘመን ቮልስ ላይ ጌጅ አልነበረም፤ የገባው ከ1962 ሞዴል ጀምሮ ነው። ቤንዚን ሲያልቅ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ያኔ እግርህ አካባቢ ያለችውን ማዞሪያ ወደ መጠባበቂያው ትመልሳታለህ፤ አምስት ሊትር ገደማ ይኖርሃል። እዚያ ከመድረስ ግን አስቀድሞ መለካት ይሻላል። የታንከሩ አፍ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። ስለዚህ እኔና ታላቋ ልጄ እንጨት ቀረጽን። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። አምስት አምስት ሊትር እየጨመርን፣ እርጥቡ የደረሰበት ላይ በቢላ ምልክት አደረግን። ክዳኑን የምከፍተውና እንጨቱን የምነክረው እኔ ነኝ። የምታነበው እሷ ናት። "ሁለት ምልክትና ትንሽ" ትለኛለች። እሷ ሳትናገር ቁልፍ አላዞርም። እንጨቱ ዛሬም ከኮፈኑ ሥር አለ። 10፣ 15፣ 20 ብላ በልጅ እጇ የጻፈችው ይነበባል። አምስቷን ገልብጣ ነው የጻፈቻት፤ አላስተካከልኩትም።

ያንተዋ ጌጅ አላት፤ እሱ ይቅር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይዋ መብራት ግን ሁለታችንም ጋ አለች፤ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ሥራ ሲያቆም ትበራለች። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የማቀዝቀዣውን ፋንም ያዞራል። ፋኑ የተገጠመው እዚያው የዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ቮልስ ውሃ የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ያ አየር ብቻ ነው። ስለዚህ እየነዳህ ቀይዋ ከበራች "ባትሪ ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ" አይባልም። ወዲያው ዳር ይዘህ ሞተር ታጠፋለህ።

ይህንን ለሁለተኛዋ ልጄ ነገርኳት። "ቀይዋን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ" አልኳት። ከኋላ ወንበር፣ ቀበቶዋን እንዳሰረች፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ታያታለች። አንድ ቀን ረጅም ዳገት እየወጣን ነው። ፀሐይ ፊቴ ላይ ናት፤ ዳሽቦርዱ አይታየኝም። "አባዬ፣ በራች!" አለች። ቆምኩ። ከኋላ ስከፍት ቺንጋው ተበጥሶ ወድቋል። ትንሽ ብቆይ ሞተሩ ይጋገር ነበር።

ትርፍ ቺንጋ ሁሌም ይዤ ነው የምሄደው። መሣሪያው ባለ 21 ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ ነው። ካቻቢቴውን የዲናሞው ፑሊ ጠርዝ ላይ ባለው ቀዳዳ አስገብተህ ፑሊው እንዳይዞር ትይዘዋለህ፣ ዳዶውን ትፈታለህ። ፑሊው ለሁለት ይከፈላል። በሁለቱ መሃል ቀጫጭን ራንዴላዎች አሉ። ከመሃል ስትቀንስ ቺንጋው ይወጠራል፤ ስትጨምር ይላላል። የተረፉት አይጣሉም፤ ውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ይገባሉ። በአውራ ጣት ስትጫነው አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ገባ ካለ በቃ። ራንዴላዎቹን በሁለት እጇ መዳፍ ይዛ የቆመችው ልጄ ናት። "ስንት ውስጥ ነበሩ? ስንት ውጭ?" እላታለሁ፤ ቆጥራ ትመልሳለች። እጇ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ቤት ስንደርስ እናቷ ልታስታጥባት ስትል "ቆይ፣ ታላቄ ትየኝ" አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋ የማን እንደሆነች ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

መንገዱን ግን አሳጥር። ለመጀመሪያ ጊዜ አርባ ደቂቃ ይበቃል። ፀሐይ ሳይበረታ ውጡ፤ "እንመለስ" ሳይሉ ተመለሱ። መድረሻ ይኑራችሁ፤ ሮጠው የሚጫወቱበት ሜዳ ወይም ውሃ ዳር። እኛ ወንዶች መንገዱ ራሱ ይበቃናል፤ ለልጅ አይበቃውም።

ስለ ትርኢቱ። ልጆች ትንንሽ እስካሉ ድረስ ውድድር ውስጥ አትግባ። ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምነግርህ። ዳኛ እየጠበቅህ ልጅ ማጫወት አይሆንም፤ ወይ ዋንጫው ወይ ልጆቹ። እኔ በሩን ከፍቼ ሌሎች ልጆችም እንዲቀመጡባት እፈቅዳለሁ። የኔዋ ፍሬቻ ክንድ ናት፤ ከበሩ ኋላ ካለው ምሰሶ ውስጥ ትወጣና ብርቱካናማ ታበራለች። ትንሹ ልጄ መሪው ላይ ተቀምጦ ያወጣታል፣ ያስገባታል። ሰው ይሰበሰባል። ለምን እንደዚያ እንደሆነች የሚያስረዳቸው እሱ ነው። ያን ጊዜ ድምፁን መስማት አለብህ።

ደግሞ አዘጋጆቹን አስቀድመህ ጠይቅ። ብዙ ቦታ ሰው በእግሩ ስለሚዞር ትርኢቱ ሳያልቅ መኪና ማንቀሳቀስ አይፈቀድም። ቀደም ብሎ ለሚወጣ መውጫው አካባቢ ቦታ ይሰጣሉ። እሱ ካልተቻለ በሁለት መኪና ሂዱ።

ካቻቢቴ፦

ከላይ ያለው ወንድማችን ጥሩ ብሏል። እኔ ስለ ሽታው ልናገር፤ ሳይስተካከል ማንንም አትጫን።

የ69ኟ ታንከር ከፊት ነው፤ መሙያው በጎን ነው። ከመሙያው ወደ ታንከሩ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ እየው። ትንንሾቹን የመተንፈሻ ቱቦዎችም እያቸው። ታንከሩ ላይ ያለውን የጌጁን ላስቲክም አትርሳ። ሙሉ ሞልተህ ስትታጠፍ ከሸተተ ከነዚህ አንዱ ነው። ከኋላ ደግሞ ከፓምፑ ወደ ካርቡራተር የምትሄደውን ቱቦ በጣትህ እጠፋት። ስንጥቅ ካየህ ዛሬውኑ ቀይር፤ በፋሼታም እሰር። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህች ቱቦ ነው። እሳት ማጥፊያ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይኑር።

ማሞቂያውም አለ። የቮልስ ሙቀት የሚመጣው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ካለፈ አየር ነው። አየሩ የሚሞቅበት ሳጥን ከተበሳ ጭሱ መኪናዋ ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ማዞር ግን ምልክቱ ነው። ባለቤትህን ያዞራት ቤንዚኑ ብቻ ነው ብለህ አትለፈው።

ሌላ ሰው የማያስበው ነገር፣ ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ልጅ ሲዘል የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ነው። ክዳኑ መኖሩን ወንበሩን አንስተህ እይ።

ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው ጉድጓድ የዕቃ ናት። ልጆች ይወዷታል፤ እኔም በልጅነቴ እዚያ ተቀምጬ ሄጃለሁ። አትፍቀድላቸው። ቀበቶ የሌለው ልጅ አይሳፈር። የጎማውን ዕድሜም ጎኑ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች አንብብ፤ 2310 ካለ እ.ኤ.አ. በ2010 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አርጅቷል።

እናት፦

እኔ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ወንድሜ። ባለቤትህ ቮልሷን ነድታ ታውቃለች?

ከጻፍከው አንተ መሪው ላይ ነህ፣ እሷ ጎንህ ናት። ያሰብከውም እንደዚያው ነው። የኛ ቤትም እንደዚያ ነበር። ባለቤቴ አሮጌ መኪናውን ሰባት ዓመት ሲነዳ እኔ ቦርሳዬን ይዤ ጎኑ እቀመጣለሁ፤ በየመታጠፊያው ልቤ ይመታል። አንድ ቀን ቁልፉን ሰጠኝ። ማርሹ የት እንደሚገባ፣ ፍሬኑ ምን ያህል እንደሚረገጥ በእግሬ ሳውቀው ፍርሃቴ ጠፋ። አሁን ጉዞ የማነሳው እኔ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1888 ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና ረጅም መንገድ የሄደችው ቤርታ ቤንዝ ናት፤ የካርል ቤንዝ ሚስት። ሁለት ወንዶች ልጆቿን፣ ኦይገንንና ሪቻርድን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም፣ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ነዳች። ለባሏ አልነገረችውም። ነዳጅ ሲያልቅባት ከመድኃኒት ቤት ገዛች። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈንባት በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። ዳገት ላይ ልጆቹ ወርደው ይገፉ ነበር። እኔ ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ከሁሉ የወደዱት መግፋቱን ነው።

ቁልፉን ስጣት። ስትነዳ ደግሞ "ቀስ፣ ማርሽ ቀይሪ" አትበላት። ዝም በል።

ባለ 69ኟ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት የመከራችሁኝን እየሠራሁ ስለነበር ነው።

ካቻቢቴ፣ ልክ ነህ። የመሙያው ወፍራም ጎማ ከሥር በኩል ተሰንጥቆ አገኘሁት። ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር። እሱንም ትንንሾቹንም ቀየርኩ። የማሞቂያው ሳጥን በአንድ በኩል ዝጓል፤ እስኪሠራ ድረስ ሁለቱንም ቱቦ ዘግቼዋለሁ። የባትሪው ክዳን አልነበረም! አራት ዓመት ስሠራት አላስተዋልኩም። አሁን አለ።

ልጄ የቀይዋ መብራት ጠባቂ ሆናለች። ቺንጋውን ቤት ደጃፍ ላይ አብረን አውልቀን ገጠምነው፤ ሁለት ጊዜ። ራንዴላዎቹን ቆጥራ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ለትንሹ ልጄ ደግሞ ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን፣ ሰጠሁት። የኔዋ የመስታወት ማጠቢያ ውሃውን የሚረጨው ከስኮርታው በሚመጣ አየር ነው። አየሩ ብዙ ሲቀንስ ቫልቩ ይቆርጠዋል፤ ስኮርታው አይተኛም፤ ውሃው ግን አይረጭም። ስለዚህ መለኪያውን ይዞ ኮፈኑ ሥር ይገባል። "አነሰ" ሲል በእጅ ፓምፕ እንነፋለን። ከዚያ እኔ ቁልፏን እጫናለሁ፤ ውሃው መስታወቱ ላይ ሲረጭ ይስቃል።

ባለፈው ሳምንት የነዳችው ባለቤቴ ናት። እኔ ከኋላ፣ በልጆቹ መሃል ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ምን ያህል እንደሚጮህ ያኔ ነው የገባኝ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሄድን። አንድም ቃል አልተናገርኩም። ስንመለስ መታጠፊያችንን አለፈችው። "ተሳሳትሽ" ልል አፌን ስከፍት ልጄ እጄን ያዘች። እናቷ እያወቀች ነው ያለፈችው፤ አንድ ዙር ልትጨምር።

የፊታችን እሁድ አንድ ትንሽ ትርኢት አለ። ለውድድር አልተመዘገብኩም። መውጫው አካባቢ ቦታ ሰጥተውናል። ስኮርታው 3 ባር ላይ ነው፤ ልጄ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ለክቶታል።