ማጅራቴ ደረቀ፣ ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች፤ ቤት ውስጥ የምሠራበትን ቦታ ከምን ልጀምር?

ተርጓሚዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ትርጉም ነው። ቤቴ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራ ሲደራረብ በቀን እስከ 9 ሰዓት ያህል ላፕቶፕ ላይ እቆያለሁ።

የምቀመጠው የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ወንበሩ የእንጨት ነው፤ ከፍና ዝቅ አይልም። መስኮቱ ከኋላዬ ነው። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። አሁን ግን ከሰዓት በኋላ ማጅራቴ ድርቅ ይላል። ሲመሽ ሕመሙ እስከ ግንባሬ ይወጣል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና ከቀለበት ጣቴ ግማሹ መደንዘዝ ጀምረዋል። ትናንት ማታ ብርጭቆ ሳነሣ ጣቴ ብርጭቆውን መንካቱ አልታወቀኝም። ደነገጥኩ። የምኖረው በእነዚህ እጆች ነው።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "ጥሩ ወንበር ግዢ" ይለኛል። ያለኝ ገንዘብ ግን ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። ወንበር ልግዛ፣ ቆሞ የሚሠራበት ጠረጴዛ ልግዛ፣ ወይስ ትልቅ ሞኒተር? ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። ጠረጴዛውን ስለካው 76 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የሩቁም የቅርቡም አንድ ላይ ያለበት መነጽር አደርጋለሁ። ሌላ ክፍል የለኝም፤ በእራት ሰዓት ጠረጴዛውን መልቀቅ አለብኝ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦

እህቴ፣ ወንበሩን ገና አትግዢ። ይህን የምልሽ እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ወንበር ስለነበር ነው። ለወራት አጠራቅሜ ጥሩ የሚባለውን ገዛሁ። ወገቤን ረድቶኛል፣ አልክድም። ማጅራቴ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወደ ድሮው ሕመሙ ተመለሰ። አንገቴን የሚደፋኝ ላፕቶፑ ነበራ! ወንበሩ ምን ቢያደርግ?

የላፕቶፕ ስክሪንና ኪቦርድ የተያያዙ ናቸው። ለእጅሽ በሚመች ከፍታ ስታስቀምጪው ስክሪኑ ያጎነብስሻል። ለዓይንሽ ስትዪ ከፍ ስታደርጊው ደግሞ ትከሻሽ ይሰቀላል። አንዱን ስታስተካክዪ ሌላው ይበላሻል። ስለዚህ ያለሽን ገንዘብ ለብቻቸው በሚሰኩ ኪቦርድና ማውስ ላይ አውዪው። ካሰብሻቸው ከሦስቱም ይረክሳል። ላፕቶፑን ወፋፍራም መጻሕፍት ደርድረሽ እነሱ ላይ አስቀምጪው። ወደ ማታ ሁሉንም ማንሣት ላለበት ሰው ይኼ ይቀላል።

ቀጥሎ ጠረጴዛሽ። 76 ሴንቲ ሜትር ለአንቺ ቁመት በጣም ከፍ ያለ ነው። ልኩ የሚጀምረው ከክርን ነው። አሁን ባለው ወንበር እግርሽ ወለል ነክቶ ተቀመጪ። ትከሻሽን ልቀቂው፣ ክንድሽ ጎንሽ ላይ ይውረድ፣ ከዚያ ክርንሽን እጠፊ። አንድ ሰው ከወለሉ እስከ ክርንሽ ድረስ በሜትር ይለካልሽ። ኪቦርዱ መቀመጥ ያለበት እዚያ ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። እኔ ባለቤቴ ስትለካልኝ ጠረጴዛው ከክርኔ በ7 ሴንቲ ሜትር በልጦ ተገኘ። ትከሻዬን ሽቅብ ይዤ ስሠራ እንደኖርኩ የገባኝ ያን ቀን ነው። ያንቺ ልዩነት ከዚህም ሳይበልጥ አይቀርም።

ጠረጴዛው የቤተሰቡ ነውና እግሩን መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ ከፍ የምትዪው አንቺ ነሽ። ወንበሩ ላይ ጠንከር ያለ ስፖንጅ አድርጊ። የታጠፈ ብርድ ልብስ አይሆንም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይተኛል። ከፍ ስትዪ ደግሞ እግርሽ ከወለሉ ይነሣል። እሱን እንዳትተዪው። እግር ሲንጠለጠል የወንበሩ ጫፍ ጭንን ከታች ይጫነዋል፣ እግር ያብጣል። ከፍ ባልሽው ልክ መርገጫ አድርጊለት። የወንበሩ ጫፍ ከጉልበትሽ ጀርባ ጋር መጋጠም የለበትም፤ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው።

ለወገብሽ ፎጣ ጠቅልለሽ ከቀበቶ ቦታ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ከጀርባሽ አስገቢ። ፎጣው ይበቃል። "ቀጥ በዪ" የሚሉሽንም አትስሚ። እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ መዋል ያደክማል። ትንሽ ወደ ኋላ ተለጠጥ ብለሽ ክብደትሽን መደገፊያው ይሸከምልሽ።

ስክሪኑን በተመለከተ፣ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንሽ ትይዩ ይሁን። ርቀቱ ክንድሽን ዘርግተሽ በጣትሽ ጫፍ የምትነኪው ያህል።

ፊዚዮ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ)፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ሲል አጥንት ይሸከመዋል፤ ሲደፋ ግን ማጅራት ላይ ያሉት ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ ጎትተው ይይዙታል። እስከ ግንባርሽ የሚወጣው ሕመም ከዚያ የሚነሣ ሊሆን ይችላል።

እኔ መናገር የፈለግሁት ግን ስለ ጣትሽ ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ሲደነዝዙ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ክርን ላይ ነው። ወደነዚያ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ አልናር ይባላል። ከክርን በስተ ውስጥ በኩል ካለችው ጉብ ያለች አጥንት ኋላ ያልፋል። ክርናችን ሲጋጭ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረን እሱ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከቆዳ በቀር ብዙም የሚከልለው የለም። ክርን ጠንካራ ጠርዝ ላይ ሲደገፍ ነርቩ ይጫናል፣ ለረጅም ጊዜ ታጥፎ ሲቆይ ደግሞ ይወጠራል። የእጅ አንጓ ላይ የሚታፈነው ሌላ ነርቭ ነው፤ የዚያኛው መደንዘዝ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ላይ ነው የሚሰማው።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ዛሬ ሥራ ስትጨርሺ እጅጌሽን ሰብስበሽ የክንድሽን ሥር እዪው። የጠረጴዛው ጠርዝ መስመር ጥሎበት ከሆነ ምክንያቱን አገኘሽው ማለት ነው። ስትተኚም እጅሽን አጥፈሽ ከትራስ ሥር አታድርጊ። ክርንሽ ላይ ፎጣ ላላ አድርገሽ ጠቅልዪበት፤ እንቅልፍ ውስጥ ሆነሽ ክርንሽን እንዳታጥፊው ይይዝልሻል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ በጥቂት ሳምንት ካልቀነሰ፣ ወይም መደንዘዙ ጨርሶ የማይለቅሽ ከሆነ፣ ወይም ዕቃ ከእጅሽ መውደቅ ከጀመረ ሐኪም ጋ ሂጂ። ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጫነ የእጅ ጡንቻ ይሳሳል፤ የሳሳውን መመለስ ደግሞ ከባድ ነው። እባክሽ ይህን ቀላል አድርገሽ አትዪው።

ባለ መነጽሩ፦

በአንዱ ላይ አልስማማም። "የስክሪኑ ጠርዝ ከዓይን ትይዩ" የሚለው ለብዙ ሰው ይሠራል፤ የእኛን ዓይነት መነጽር ለሚያደርግ ሰው ግን አይሠራም። የቅርቡን የምናይበት የመነጽሩ የታችኛው ክፍል ነው። እኔ ምክሩን ሰምቼ ስክሪኔን ከፍ ሳደርገው፣ ለማንበብ ስል አገጬን ሽቅብ እያነሣሁ መዋል ጀመርኩ። ማጅራቴ ቀድሞ ወደ ታች በመደፋት ይታመም ነበር፣ አሁን ወደ ኋላ በመቀልበስ ታመመ። ስለዚህ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እየቀነስሽ ሞክሪ። አገጭሽን ሳታነሺ መሀል ያለውን መስመር አጥርተሽ ስታነቢ እዚያው አቁሚ። መነጽር ስትቀይሪ ደግሞ ከዓይንሽ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ለክተሽ ንገሪያቸው። ለዚያ ርቀት ብቻ የሚሠራ መነጽር አለ። ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር።

መስኮቱ ከኋላሽ ነው ብለሻል። ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያርፍና ያንጸባርቃል፤ አንቺም ሳታውቂው ነጸብራቁን ለመሸሽ ትጣመሚያለሽ። ከፊትሽ ቢሆንም ዓይንሽን ያጭበረብረዋል። ወንበርሽን አዙረሽ መስኮቱን ወደ ጎንሽ አድርጊው።

ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው በጣም ትንሽ ነው። የሚደርቀውና የሚያቃጥለው ለዚያ ነው። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የሚርቅ ነገር ለ20 ሴኮንድ መመልከት ይረዳል። ፊደሉንም አተልቂው፤ ትንሽ ፊደል ነው ሰውን ወደ ስክሪኑ የሚስበው።

ኮድ ጻፊ፦

ስለ መቆሚያ ጠረጴዛ ጠይቀሽ ነበር። እኔ አለኝ። በገዛሁ ሰሞን ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። በሳምንቱ ተረከዜና ወገቤ ታመሙ። ጥቅሙ መቀያየሩ ላይ ነው፤ ለመቀያየር ደግሞ ጠረጴዛ መግዛት አያስፈልግም። ስልክ ሲደወልልሽ ተነሺ። ገጽ በጨረስሽ ቁጥር ተነሺና ያረምሽውን ቆመሽ አንብቢው። የውኃ ጠርሙስሽን ካልተነሣሽ የማትደርሺበት ቦታ አስቀምጪው። ማንቂያ ደወል እኔን አልረዳኝም፤ አጠፋዋለሁ። ውኃው ግን ያስነሣኛል።

ማታ ስለማንሣቱ፦ ሁሉንም የሚይዝ አንድ ሣጥን ይኑርሽ። ጠዋት በትክክል ያስቀመጥሽበትን ቦታ ጠረጴዛው ላይ በትንሽ ፕላስተር ምልክት አድርጊበት። ያለዚያ በሳምንቱ መጻሕፍቱን መደርደር ይሰለችሻል፣ ወደ ድሮው ትመለሻለሽ።

ተርጓሚዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ 12ኛ ቀኔ ነው።

ፊዚዮ፣ ያልከኝን ያን ዕለት ማታ አየሁት። ከክርኔ በታች ቀይ መስመር ነበረ፤ ልክ የጠረጴዛው ጠርዝ ስፋት። ማውሱን ስይዝ መላ ክብደቴን እዚያ ላይ ነበር የምጥለው። ከክርኔ እስከ ወለሉ ስናስለካ 63 ሆነ። ከጠረጴዛው ጋር የ13 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ማለት ነው። ኪቦርድና ማውስ ገዛሁ፣ ስፖንጅ አስቆረጥኩ፣ ወንበሬን አዞርኩ። መጻሕፍቱ በአራት ጀምረው በሁለት ቆሙ፤ ባለ መነጽሩ እንዳልከው አገጬ የሚነሣው በላይኞቹ ሁለቱ ነበር።

ማጅራቴ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ለቀቀኝ። ጣቴ አሁንም ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይደነዝዛል፣ ቀን ግን የለም። ለማንኛውም የሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ።

አንድ ችግር ብቻ ቀረኝ። ለእግሬ ያደረግኩት ካርቶን ከሰዓት በኋላ ይረገጥና ይሰምጣል። ምን ላድርግ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦

ደስ ብሎኛል እህቴ። ካርቶኑን በአሮጌ ወረቀት ጥቅጥቅ አድርገሽ ሙዪውና ዙሪያውን በፕላስተር እሰሪው። የእኔ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አልሰመጠም። ወደ አንቺ በኩል ያለውን ጠርዝ ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ ተረከዝሽ ያርፍበታል።