ደብረ ብርሃን ላይ አኳሪየም ለምትሠሩ፦ የቱን እዚሁ፣ የቱን ከአዲስ አበባ?

አኳሪየም (ዓሣ የሚረባበት የመስታወት ገንዳ) ለመጀመር ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። መቆሚያውን ማን ይሥራልኝ? መስታወቱን የት ላስቆርጥ? ወይስ ሁሉንም ነገር ከአዲስ አበባ ጭኜ ልምጣ? የእኔ ምክር ይኼ ነው። መቆሚያውን፣ ገንዳውንና ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) እዚሁ አሠሩ፤ እጃችሁ ከፈታ ደግሞ ራሳችሁ ሥሩት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ማሞቂያና የአየር ፓምፕ ብቻ ይሁን። የተረፋችሁን ብር ብርድ መከላከያው ላይ አውሉት። እኛ አገር ዓሣ የሚፈጀው ብርድ ነውና።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ፣ ከዚያ ወስኑ።

መጀመሪያ ክብደቱን አስሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 45 ሳንቲም የሆነ ገንዳ አፍ እስከ ገደፉ 162 ሊትር ይይዛል። በ8 ሚሊ መስታወት ከተሠራ መስታወቱ ብቻውን 30 ኪሎ ገደማ ነው። ጠጠር ሲጨመርበት ሁለት ኩንታል ያልፋል። ሁለት ኩንታል ጤፍ ቀን ከሌት ተሸክሞ የሚቆም ነገር እያሠራችሁ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሳሎን ያለው ቡፌ ላይ ይቀመጣል ብላችሁ አታስቡ። ቡፌ የተሠራው ለሳህንና ለቴሌቪዥን ነው።

ለመቆሚያ ሦስት አማራጭ አለ። ብየዳ ቤት፣ አናጢ እና ብሎኬት።

የእኔ ምርጫ ብየዳ ቤት ነው። ደብረ ብርሃን በርና መስኮት የሚሠሩ ብየዳ ቤቶች ሞልተዋል። የበር ፍሬም የሚበይድ ሰው የአኳሪየም መቆሚያ አይከብደውም። ስትሄዱ ግን "የዓሣ ማስቀመጫ ሥራልኝ" ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ልኩን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ከላይ ላልኩት ገንዳ 40 በ40 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ የብረቱ ውፍረት 2 ሚሊ፣ ቁመቱ 70 ወይም 75 ሳንቲም ይበቃል። ስስ የሆነውን ቱቦላሬ "ያው ነው" ብሎ ሊሰጣችሁ የሚሞክር አለ። ያው አይደለም። ጫፉን አይታችሁ ውፍረቱን አረጋግጡ።

ሌላው ነገር የእግሩ አገጣጠም ነው። የላይኛው ፍሬም እግሮቹ ጫፍ ላይ መቀመጥ አለበት። ፍሬሙ በእግሮቹ መሐል ገብቶ በጎን ብቻ ከተበየደ ሁለት ኩንታሉን የሚሸከመው ብየዳው ይሆናል። ጫፍ ላይ ከተቀመጠ ግን ክብደቱ ቀጥ ብሎ በብረቱ ወደ መሬት ይወርዳል። ሥራውን ስትረከቡ መቆሚያውን ገልብጡትና የማዕዘኖቹን ሆድ እዩ። ብየዳው ዙሪያውን የዞረ ነው ወይስ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ የታለፈ? ነጥብ ነጥብ ከሆነ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይጨርሰው። ከተቀባ በኋላ ምንም አይታይም። ቀለሙም መጀመሪያ ፀረ ዝገት፣ ከዚያ የምትፈልጉት ቀለም ነው። ውሃ መንጠባጠቡ አይቀርም፣ ያልተቀባ ብረት ደግሞ ክረምቱን አይሻገርም።

እግሮቹ ሥር ወፍራም ብሎን ከነዳዶው አስበይዱ። እያዞራችሁ ከፍና ዝቅ ታደርጉታላችሁ። የብዙዎቻችን ቤት ወለል ልክ አይደለም። ገንዳው ጥቂት ሚሊ ካዘመመ ውሃው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ አንዱ መስታወት ከሌላው የበለጠ ይገፋል። ውሃ ልክ ከሌላችሁ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ ውሃ ሞልታችሁ፣ በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ ከመቆሚያው ሁለት ጎን ጋር እኩል መሆኑን ማየት ነው። እሱም በደንብ ትክክለኛ ነው።

አናጢ ጋ መሄድ የሚያዋጣው መቆሚያው ሳሎን ውስጥ እንዲያምርላችሁ ስትፈልጉ ነው። ጥሩ አናጢ በ5 በ7 ሞራሌ ጠንካራ መቆሚያ ይሠራል። ችግሩ እንጨቱ ላይ ነው። ሰሜን ሸዋ ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ነው፤ ርካሽና ጠንካራ እንጨት ነው። ነገር ግን በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የተጣመመ መቆሚያ መስታወት ይሰብራል። ባሕር ዛፍ ካላችሁ ከቆየ ክምር የተመረጠ፣ ስትመቱት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ይሁን። ዋንዛ እጅግ ጥሩ ነው፣ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ዋጋው ግን ለዓሣ ማስቀመጫ ያሳዝናል። ከአሮጌ በር ወይም አልጋ የተረፈ ካገኛችሁ አትለፉት። ከእንጨት ብናኝ ተጨምቀው የሚሠሩት ኤምዲኤፍና ችፕውድ ግን ውሃ ከነካቸው እንደ ዳቦ ያብጣሉ፤ ለበር መሸፈኛ እንጂ ለተሸካሚ ክፍል አይሆኑም። የላይኛው ንጣፍ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ይሁን፣ ሁለት እጅ ቫርኒሽም አይቅርበት።

ብሎኬት የተከራይ ምርጫ ነው። ብሎኬት ደርድራችሁ ከላይ ወፍራም ጣውላ ማድረግ ትችላላችሁ። ከሦስቱ ርካሹ እሱ ነው፣ ቤት ስትቀይሩ ይፈርሳል፣ ይሸከማልም። ለ60 ሳንቲም ገንዳ በደንብ ይበቃል። ልጆች የሚሯሯጡበት ቤት ግን አልመክረውም፤ ከጎን ሲገፋ የሚይዘው ነገር የለም።

ወደ ገንዳው እንምጣ። ተሠርቶ ያለቀ ገንዳ ከአዲስ አበባ ጭኖ 130 ኪሎ ሜትር መምጣት ይቻላል፤ ሰዎች ያደርጉታል። ወደ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ለሚወስድ ሰው ግን የጣርማ በርን ቁልቁለት ጠመዝማዛ ሳስብ ልቤ አይፈቅድም። መንገድ ላይ ያልተሰበረ ገንዳ ሲልከኑ ሊላቀቅ ይችላል። በሚኒባስ የግድ ከሆነ ባዶውን፣ ሥሩም ጎኑም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይምጣ።

የተሻለው መንገድ መስታወት ቤት ማስቆረጥ ነው። ለመስኮት የሚሸጠው ተራ መስታወት በቂ ነው። ለ60 በ30 በ35 ገንዳ 6 ሚሊ፣ ለ90 በ40 በ45 ደግሞ 8 ሚሊ ውሰዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ልክ አለ። የፊትና የኋላው መስታወት ሙሉ 90 ይሁን። የጎኖቹ ግን በፊትና በኋላው መሐል ስለሚገቡ ከ40 ላይ የሁለት መስታወት ውፍረት፣ ማለትም 16 ሚሊ፣ ይቀነሳል። ለሲልከኑም ሁለት ሚሊ ያህል ቀንሱ። ስለዚህ የጎኑ ወርድ 38.2 ሳንቲም ነው። ይህን ልክ ጽፋችሁ ስጡት፤ በቃል አትንገሩት። ጠርዙንም ያስሞርድላችሁ። ካልተሞረደ እጃችሁን ይቆርጣል።

ሲልከን ስትገዙ ቱቦው ላይ ያለውን አንብቡ። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ብዙው ለመታጠቢያ ቤት የተሠራ ነው፣ ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት አለበት። እሱ መድኃኒት ዓሣም ይገድላል። የምትፈልጉት መቶ በመቶ ሲልከን፣ ፀረ ሻጋታ የሌለው፣ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ነው። ለአኳሪየም ተብሎ የተጻፈበት ካገኛችሁ ጥቂት ጨምራችሁ እሱን ግዙ። ጊዜው ያለፈበት በደንብ አይደርቅምና ቀኑንም እዩ። መስታወቱን በአልኮል ጠርጉ፣ ከዚያ በጣታችሁ አትንኩት። ከተጣበቀ በኋላ አንድ ሳምንት ተውት። ሲልከን የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለ እርጥበትና በሙቀት ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ አየራችን ደረቅም ቀዝቃዛም ስለሆነ ያጓትተዋል። የኮምጣጤው ሽታ ጨርሶ ሳይጠፋ ውሃ አትጨምሩ። ፍተሻውን ግቢ ውስጥ አድርጉት፤ ሞልታችሁ ስታሳድሩት ሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፉ። የምታንጠባጥበዋን ቦታ ወረቀቱ ይነግራችኋል።

በገንዳውና በመቆሚያው መሐል ነጭ ፎም ይግባ። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዓይነት፣ 2 ሳንቲም ገደማ፣ ጠፍጣፋ። ትንሿን ጉብታ ይውጣል፣ ከሥር የሚመጣውንም ብርድ ያግዳል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ጉፒና ሞሊ የመሳሰሉት ዓሦች ከ22 ዲግሪ በታች አይመቻቸውም። መጽሐፍ ላይ ያለው "ለአንድ ሊትር አንድ ዋት" የሚለው ልክ የተጻፈው ቤቱ ለሚሞቅ ሰው ነው። የእኛ ክፍል ሌሊት 12 ዲግሪ ከደረሰ ውሃው ከ12 ወደ 25 መውጣት አለበት። ለእኛ በሊትር 2 ዋት አስቡ። ለ150 ሊትር ውሃ አንድ ትልቅ ከመግዛት ባለ 150 ዋት ሁለት ግዙ። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሕይወት ያቆያል። ማሞቂያ ላይ ርካሹን አትምረጡ፤ መቆጣጠሪያው ከተጣበቀ ዓሣውን ይቀቅለዋል። ቴርሞሜትሩ የተለየ ይሁን፣ ማሞቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ።

ከኋላ፣ ከሁለቱ ጎንና ከሥር ፎም አልብሱት፤ ከላይ ክዳን አይቅር። ሙቀት የሚያመልጠው በብዛት ከላይ ነው። መብራት ሲጠፋ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጣል ማድረግ ብዙ ሰዓት ያቆያል፤ ለዚህ ከእኛ ከተማ ብርድ ልብስ የሚሻል ዕቃ የለም። መብራት ሲመለስ ግን ወዲያው አንሱት። በጣም ከበረደ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ አንሳፍፉት። ብሎ ብሎ ሙቅ ውሃ ገንዳው ውስጥ መገልበጥ ግን አይታሰብም።

ማሞቂያ መግዛት ከከበዳችሁ ሌላ መንገድ አለ። ጎልድፊሽ አርቡ። 18 ዲግሪ ይስማማዋል፣ ከዚያም ዝቅ ያለ ይችላል። ለደብረ ብርሃን ከጎልድፊሽ የተሻለ መነሻ የለም፣ ሰፋ ያለ ገንዳና ጠንካራ ፊልተር ግን ይፈልጋል።

ከፍታው ሌላም ነገር አለው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ይሟሟል፤ እኛ ጋ ከ6 አያልፍም። ስለዚህ የአየር ፓምፕ ለእኛ ጌጥ አይደለም። ዓሣም አታጨናንቁ። በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ አለ፤ ለመብራት መጥፋት ገዝታችሁ አስቀምጡ። ከሁሉም ዕቃ በርካሹ ብዙ ዓሣ የሚያተርፈው እሱ ነው።

ፓምፑ የሚስበው የክፍሉን አየር ነው። ቡና ሲፈላ የሚጨሰውን ዕጣን፣ የከሰሉን ጭስ፣ የዝንብ ፍሊቱን ሁሉ ወደ ውሃው ይነፋዋል። ፍሊት በተለይ ለዓሣ መርዝ ነው። ፓምፑን ከቡናው ርቃ ያለች ቦታ አድርጉት፤ ፍሊት ስትነፉ አጥፉት፣ ገንዳውንም ሸፍኑ። ክፍሉ ይሙቅ ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትደሩ፤ ያ ከዓሣውም በላይ ለሰው ሕይወት አደጋ ነው።

ፊልተር አትግዙ፣ ሥሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበት የፕላስቲክ ቱቦ፣ ያልተቀለመ ስፖንጅና የፓምፑ ጎማ ይበቃል። ቱቦውን ብሱት፣ ስፖንጁን አልብሱት፣ አየሩ ከሥር ይግባ። አረፋው ሲወጣ ውሃውን በስፖንጁ በኩል ይስበዋል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ግን መድኃኒት ሊኖረው ስለሚችል ይቅር። ስታጥቡትም ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት። የቧንቧ ክሎሪን ቆሻሻውን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ለዚሁ ሲባል አዲስ የቧንቧ ውሃ በባልዲ ቀድታችሁ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት።

ጠጠር ከበሬሳ ወንዝ ዳር ይገኛል። እስኪጠራ እጠቡት፣ ቀቅሉት፣ ሎሚ ጨምቁበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ጣሉት። ጥቁሩ የደጋ ድንጋያችን አረፋ አያወጣም፣ ደህና ነው።

የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ወደ ሶኬቱ ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች ወርደው ይንጠልጠሉ። ውሃ በሽቦው ከወረደ እዚያ ይንጠባጠባል፣ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ማከፋፈያ መሬት ላይ አታድርጉ።

ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ያላችሁ ከዚህ ጽሑፍ ግማሹን መተው ትችላላችሁ። እናንተ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ከጎንና ከኋላ ፎም አትለጥፉ፣ ማሞቂያም ለብዙው ጊዜ አያስፈልጋችሁም። የእናንተ ጠላት ሙቀት ነው፤ ሙቅ ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። ክዳኑ ወንፊት ይሁን፣ ቀን ቀን ትንሽ ቬንትሌተር በውሃው ፊት ላይ ይንፋ፤ በትነት ጥቂት ዲግሪ ያወርደዋል። መቆሚያውም የብረት ይሁን፣ ምስጥ ባለበት እንጨት አይታመንም።

በመጨረሻ፣ ዓሣው በዝቶባችሁ ወይም ሰልችቷችሁ ከሆነ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁት። በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ይገባል። የውጭ ዓሣ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል፣ የወንዙንም ዓሣ ይሻማል። ለሌላ አርቢ ስጡ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ተቀባይ አይጠፋም።