በስውር ይሰጡ የነበሩ አባታችንን በአርባቸው እንዴት እናስታውሳቸው?

ጥያቄ፦ የድሬ ልጅ

አባታችን ካረፉ ሃያ ስድስት ቀን ሆናቸው። በአርባቸው ከፎቶግራፋቸው ጋር ለሚታደለው ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳዘጋጅ ቤተሰቡ ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጥቶኛል። በቀብራቸው ዕለት የተነበበው በጥድፊያ የተጻፈ ስለነበር፣ የትውልድ ዘመናቸውን፣ በድሬዳዋ ምድር ባቡር የጥገና ክፍል ያገለገሉባቸውን ዓመታትና የልጆቻቸውን ቁጥር ከመዘርዘር አላለፈም። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» በሚለው የተለመደ ቃል ተደመደመ፤ እሳቸውን ግን በውስጡ አላገኘኋቸውም።

የተቸገርኩት በዚህ ነው። ሠልስቱ በወጣ ማግስት የሰፈራችን ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን ይዞ መጣ። ዕዳ ትተው ያረፉ መስሎን እናታችን ገንዘብ ልታወጣ ስትነሣ፣ እሱ ደብተሩን ገልጦ የሦስት ቤቶችን ገጽ አሳየን። አባታችን ጡረታቸውን በተቀበሉ ቁጥር የእነዚህን ቤቶች የዘይት፣ የፓስታና የሳሙና ሒሳብ ሲዘጉ ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ በየወሩ ሒሳብ ግርጌ ቀኑና ፊርማቸው አለ። እናታችን እንኳ አታውቅም ነበር። ብጽፈው ሰዎቹ ይሸማቀቃሉ፤ ብተወው ደግሞ አባቴን ያልጻፍኩ ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ምላሽ፦ የእድር ጸሐፊ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። በእድራችን ለብዙ ሟቾች የሕይወት ታሪክ ጽፌአለሁ። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ» የሚሉት ቃላት ለሁሉም ስለሚነበቡ፣ ለቀስተኛው ከድንኳኑ ሳይወጣ ይረሳቸዋል።

ስለ ደብተሩ ግን ጥንቃቄ አድርጊ። በትንሽ ሰፈር ውስጥ «ሦስት ቤት» ማለት ብቻውን ስም ከመጥራት አይተናነስም፤ ስለዚህ ሱቁንም፣ ቁጥሩንም፣ የዕቃውንም ዓይነት ተዪው። «ጡረታቸው የእኛ ብቻ እንዳልነበረ ያወቅነው ካረፉ በኋላ ነው» ብትዪ ይበቃል። ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ባልና አባት እንደነበሩ ግን በሰፊው ጻፊ፤ እሱ የራሳችሁ ታሪክ ነውና ማንንም አያሳፍርም።

ምላሽ፦ የደቻቱ ልጅ

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት፣ እኛም ቤታችን ተወስዶብን የአባቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩ አንድ ክርስቲያን የምድር ባቡር ሠራተኛ ዘንድ ተጠለልን። በማግስቱ እናቴ የራሳችንን ሥጋ እንድታበስልበት አዲስ ድስት ገዝተው፣ ምንም ሳይናገሩ ጓዳው ደፍ ላይ አስቀምጠውላት ሄዱ። እስከ ዛሬ የማስታውሰው መጠለያውን ሳይሆን ያንን ድስት ነው።

ይህን እኔ ስናገረው አላፍርም፤ እሳቸው ቢያወሩት ኖሮ ግን አባቴ አንገቱን ይደፋ ነበር። ስለዚህ እንዲናገሩ ለተቀበሉት ተዉላቸው። በእኛም ዘንድ ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገር በቀር ይቋረጣል ይባላል፤ እነሱም ሰደቃ ጃሪያ (ጥቅሙ የማይቋረጥ ምጽዋት)፣ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ ናቸው። ከጽሑፉ በፊት ግን የዚህ ወር ሒሳብ ተከፍሏል ወይ?

ምላሽ፦ ዲያቆን

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ዶርቃ በሞተች ጊዜ፣ የሰፋችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ እያሳዩ ያለቀሱት መበለቶቹ ራሳቸው ናቸው። በአርባቸው ዕለት ከጸሎቱ በኋላ መናገር ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ጊዜ ስጡ፤ ማንንም ግን በስም አትጥሩ።

የጠያቂዋ መልስ፦ የድሬ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። በሙቀቱ ወራት ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን ስንተኛ፣ አባታችን ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ እንዳንነቃ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ በየተራ አንሶላችንን ያለብሱን እንደነበር ጽፌአለሁ። እኔ አንዳንድ ሌሊት ነቅቼ የተኛሁ መስዬ እጠብቃቸው ነበር፤ እጃቸው የግራሶ ሽታ ነበረው። እናቴ ይህ ይግባ ብላ አለቀሰች። ስለ ጡረታው የእድር ጸሐፊው ያሉት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ገብቷል።

የዚህ ወር ሒሳብ አልተከፈለም ነበር። ዛሬ ጠዋት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሄደን ዘጋነው፤ ባለሱቁም ደብተሩን አዙሮ፣ አባታችን ይፈርሙበት በነበረው ቦታ ወንድሜን አስፈረመው።