እርካታ የሚመጣው ኪስ ሲሞላ ነው? (ክርክር)

አወያይ፦ የዛሬውን ጥያቄ ያመጣሁት እሑድ ከሰማሁት ስብከት ነው። ሰባኪው «ጎድሎህ ረክቻለሁ ካልክ ራስህን እየሸወድክ ነው፤ እግዚአብሔር የሚያረካህ ቤትህንና ኪስህን ሲሞላው ነው» አሉ። አዳራሹ በአሜን ተናጋ። እኔ ግን አሜን ማለት ከበደኝ። እናንተስ?

የጀሞው፦ እኔ አሜን ብያለሁ። «ሕይወት እንዲሆንላቸው እንዲበዛላቸውም መጣሁ» ያለው ጌታ ራሱ ነው፤ ዮሐንስ 10፥10። ድህነትን መንፈሳዊ ያደረገው ማነው? እስቲ የቤት ኪራይ ላልከፈለ ሰው ስለ እርካታ ስበኩለት።

ስደተኛዋ፦ ወንድሜ፣ እኔ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የሁለት ወር ደመወዜን «ዘር» ብዬ፣ እግዚአብሔር አብዝቶ ይመልስልኛል ብዬ፣ ለአንድ ሰባኪ ልኬያለሁ። በሦስት ወር የካናዳ ቪዛ ይወጣልሻል ተብሎ ተተንብዮልኝ ነበር። አልወጣም። ስደውል «እምነትሽ ጎድሎ ነው» አሉኝ። ያንገበገበኝ ብሩ አይደለም። ከዚያ በኋላ መጸለይ አቃተኝ። ተንበርክኬ ሒሳብ ነበር የምሠራው፦ ይህን ሰጥቻለሁ፣ ያንን መቼ ነው የምትሰጠኝ? አንድ ሌሊት የማዳምን ልብስ ስተኩስ ሳላስበው እናቴ የምትዘምረውን መዝሙር ማንጎራጎር ጀመርኩ። ምንም አልለመንኩም። ኮንትራቱም ያው ነው፣ ማዳምም ያው ናት። ብቻ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

የጀሞው፦ አይዞሽ እህቴ። የበደለሽ ሰውዬው ነው እንጂ ቃሉ አይደለም።

የቄስ ልጅ፦ ቃሉማ ሌላም ይላል። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ብሎ የጻፈው ታስሮ ነው። «ተምሬአለሁ» ነው ያለው፤ እንደ ሎተሪ አልወጣለትም። እኛ ኦርቶዶክሶች ሁዳዴን 55 ቀን የምንጾመው ይህንኑ ለመማር ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የፋሲካውን ዶሮ ነው የምናስበው።

የጀሞው፦ እና ድሃው ይጹም ነው የምትለው?

የነቀምት ልጅ፦ እዚህ ላይ ቄስ ጉዲና ቱምሳን ሳላነሳ አላልፍም። የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ለልማት እጃችሁ ይፈታል፣ ለወንጌል ሲሆን ትቆጥባላችሁ፤ ሰው ግን ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም የሚል ነበር ሐሳቡ። ስለዚህ ጀሞ፣ ስለ እንጀራ ማንሳትህ ልክ ነው። ቄስ ጉዲናም ስለ እንጀራ ዝም አላሉም። ደርግ ደጋግሞ ሲያስራቸው ግን ከአገር የመውጣት ዕድል አግኝተው እምቢ አሉ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰሩ። በእሑዱ ሰባኪ መለኪያ እኚህ ሰው ራሳቸውን ሲሸውዱ ኖሩ ማለት ነው። እኔ ይህን መቀበል አልችልም።

የጀሞው፦ እሳቸው እሳቸው ናቸው። እኔ ተራ ሰው ነኝ፤ ሐሙስ ኪራይ አለብኝ።

ስደተኛዋ፦ ስለ ኪራዩ እውነትህን ነው ወንድሜ። እኔም ስለ ቪዛው መጸለይ አልተውኩም። ዘር መላኩን ነው የተውኩት።