በሸራ ጀልባ ወደ ኪልዋ ደሴት፦ በየትኛው ወር፣ በምን መንገድ?

የፒያሳው፦
ሰላም ለቤቱ። አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሥራችን ከፒያሳ እስከ ብሔራዊ ባለው መሃል ከተማ ነው። ዋና የሚችል ከመካከላችን አንድ ብቻ። ታንዛኒያ፣ ኪልዋ ኪሲዋኒ ደሴት ላይ ያለውን የድሮ ምሽግ በሸራ ጀልባ ሄደን ለማየት አስበናል። ከዳሬሰላም ጀምሮ በሸራ ይሻላል ወይስ ከደሴቷ ፊት ለፊት እስካለችው የጠረፍ ከተማ፣ እስከ ኪልዋ ማሶኮ፣ በአውቶቡስ? ለገና ሰሞን ወይስ በክረምት? ከአዲስ አበባ ይዘን መውጣት ያለብንንም ጨምሩበት።

ሸራና መልሕቅ፦
ከዳሬሰላም በሸራ የሚለውን እርሱት። ርቀቱ 130 የባሕር ማይል ያህል ነው፤ ጀልባዋ በሰዓት 5 ማይል ሳታቋርጥ ብትሄድ እንኳ 26 ሰዓት ይፈጃል፣ ሌሊቱ ባሕር ላይ ነው ማለት ነው። ዋና ለማይችሉ ሦስት ሰዎች ይህ ሽርሽር አይባልም።

ወሩን የሚወስነው ነፋሱ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ካስካዚ ይሉታል። ክረምታችን ላይ ደግሞ ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ ነው። ኪልዋ ከዳሬሰላም በስተደቡብ ስለሆነች በክረምት ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥማል። ዳው የሚባለው የዚያ ጠረፍ የሸራ ጀልባ ሸራው ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከምሰሶው ጫፍ በተንጠለጠለ ረጅም እንጨት ላይ ይታሰራል፤ ነፋሱን በሰያፍ እየቆረጡ ለመውጣት በየመታጠፊያው እንጨቱንና ሸራውን ወደ ምሰሶው ሌላ ጎን ማዞር ግድ ነው። አድካሚ ነው፣ ጊዜም ይበላል። የባሕሩ ጅረት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ይፈሳል፣ በኩሲ ወራት ይብሳል።

ስለዚህ 300 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ፣ ከማሶኮ ወደ ደሴቷ ያለውን አጭር መሻገሪያ በሸራ። መሻገሪያው አነሰብን ካላችሁ በሌላ ቀን ወደ ሶንጎ ምናራ ደሴት ሂዱ፤ ሸራ ምን እንደሆነ የምታዩት እዚያ መንገድ ላይ ነው። የገና ሰሞን ይሻላችኋል። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ ስለሆነ አታስቡት። በክረምት ካልሆነ አይመቸንም ካላችሁም ሰማዩ ደረቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይበረታ በጠዋት ተሻገሩ።

ሙላትና ጉድለት፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ቀኑን የምትመርጡት በጨረቃ ነው። ጣናን ለምዶ የሚሄድ ሰው ይህን አያስበውም። በዚያ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ስትጠፋ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ከ3 ሜትር በላይ ልዩነት አለ፤ ጉድለቱም የሚውለው ረፋድ 4 እና 5 ሰዓት ላይ፣ ልክ ጎብኚ በሚደርስበት ሰዓት ነው። ጀልባዋ ራቅ ብላ አሸዋ ላይ ትቀመጣለች፣ እናንተ በጭቃና በኮራል (ሻካራ የባሕር ድንጋይ) ላይ በእግር ትወጣላችሁ። ሶንጎ ምናራ ላይ ደግሞ በማንግሮቭ (ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ሥር መሃል ነው። ጨረቃ ግማሽ በሆነች ሰሞን ግን ሙላቱ ራሱ ረፋድ ላይ ይመጣል፣ ጉድለቱም ያን ያህል አይከፋም። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይዘገያል።

ሰዓት ስትቀጣጠሩ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። ካፒቴኑ «ሳ ንኔ» ካለ የኛው አራት ሰዓት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የሙላት ሠንጠረዥ ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሆን 6 ቀንሱ። ሁለቱን ቀላቅሎ ጀልባ ማጣት የተለመደ ነው።

ለእግር ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ጭቃው ይነጥቃል። ከመርካቶ ኮንጎ ጫማ ግዙ።

የፒያሳው፦
እጅግ እናመሰግናለን። የደኅንነት ጃኬትና መድኃኒቱስ?

ሐኪም ቤት አካባቢ፦
ጃኬቱን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት እዩት። ላዩ ላይ የማንሳፈፍ ኃይሉ በኒውተን ይጻፋል፤ 50 ኒውተን የሚለው ለዋናተኛ ነው፤ ለእናንተ ቢያንስ 100፣ በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው። ማሰሪያው ከሌለ ውኃ ውስጥ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣና ሰውየው ወደ ታች ይንሸራተታል።

የቢጫ ወባ ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ይጠየቃል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት አትሩጡ። ወባ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሌለ ሰው ይዘናጋል፣ ጠረፉ ላይ ግን አለ። ዶክሲሳይክሊን የተባለው የወባ መከላከያ ከታዘዘላችሁ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሳችሁ በኋላ ለ4 ሳምንት ይቀጥላል፤ ብዙው ሰው ቦሌ ሲደርስ ያቆመዋል። ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግም ጥላ በሌለው ጀልባ ላይ ሙሉ እጅጌ ልበሱ፣ ወይም ሐኪሙን ሌላ አማራጭ ጠይቁ። የማቅለሽለሽ ኪኒን ከመነሳታችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚዋጠው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም።

ኖራና ድንጋይ፦
ስለ ምሽጉ አጠር አድርጌ። ገረዛ ይባላል፣ ከጀልባ ስትወርዱ ከሩቅ ይታያል። ፖርቹጋሎች በ1505 እ.ኤ.አ. ምሽግ ሠርተው በ1512 ለቀው ወጡ፤ አሁን የቆመው በአብዛኛው ከ1800 አካባቢ የኦማኖች ሥራ ነው። የጎንደርን ጥቁር ድንጋይ አትጠብቁ፤ ኮራልና ኖራ ስለሆነ ማዕበል ያፈራርሰዋል። ቅርሱ ከ2004 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፣ ግንቡ ላይ አትውጡ።

ምሽጉን ብቻ አይቶ መመለስ ግን ሞኝነት ነው። ታላቁ መስጊድ ቅርብ ነው፤ ሁሱኒ ኩብዋ የተባለው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት ራቅ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ አለ። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ኪልዋን ያየው በ1331 እ.ኤ.አ. ነው። የመግቢያ ፈቃዱንና አስጎብኚውን ሳትሻገሩ ማሶኮ ላይ ጨርሱ፤ በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር ውኃም ከዚያው ያዙ።