ሐይቅ ላይ ፎቶ አንሺ እንቅጠር ወይስ ስልክ ይበቃናል?

እባካችሁ ምከሩኝ፣ ቸግሮኛል። የደሴ ልጅ ነኝ። እህቴ ከስድስት ዓመት በኋላ ከውጭ መጥታለች፤ ቅዳሜ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሐይቅ ልንወርድ ነው። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አያሳስብም። ጀልባ እንሳፈራለን፣ ዓሣ እንበላለን። ጣጣው ፎቶው ነው።

አንድ ፎቶ አንሺ ቀኑን ሙሉ አብሮን ውሎ፣ 60 ፎቶ በፍላሽ ከአንድ አልበም ጋር በ15 ሺህ ብር ልስራላችሁ አለ። ግማሹ ቅድሚያ። ዋጋው ሲያስደነግጠኝ አይቶ "አብሽር፣ እንስማማለን" አለኝ፤ ግን አንድ ብር አልቀነሰም። ያ ብር እኮ ጀልባውንም ምሳውንም ይችላል! ደግሞ ሐይቁ ዳር የምንሳለመው እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። እማዬና እህቶቼ ውጭ ሲጠብቁን እሱ ማንን ሊያነሳ ነው?

በሌላ በኩል፣ የእኔ ስልክ ፀሐይ ከውሃው ላይ ሲያንጸባርቅ ፊት ያጠቁራል። ሁላችንም ያለንበት ፎቶ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አባባ በሕይወት እያለ ስቱዲዮ የተነሳናት፣ ጥጓ ሻይ የፈሰሰባት። እማዬ ዛሬም ከክት ነጠላዋ ጋር ሳጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጣት። እሷን ሳስብ እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ጥቅል የገዛችሁ አላችሁ? ጀልባው ላይ ለሁለት ሰዓት ብቻ ብሎ መደራደር ያስኬዳል? ያልታረሙትን ፎቶዎችስ ይሰጣሉ? እስከ ሐሙስ መልስ ልሰጠው ነው።