ከሀዋሳ ለሥዕል ኤግዚቢሽን አዲስ አበባ የምሄደው የት ነው?

ሰላም ቤተሰብ፣ ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ እዚህ ሆቴል ግድግዳ ላይ የሐይቁን ሥዕል አይቼ አይቼ የዘመኑን ሠዓሊዎች ሥራ በአይኔ ማየት በጣም አማረኝ፣ ቅዳሜ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ከየት ልጀምር እህታችሁን አማክሩኝ

መልስ 1፦ ስድስት ኪሎ የሠዓሊው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለልሽ። ሰውዬው ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ አብስትራክት (ነገሩን እንዳለ ሳይሆን በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚገልጽ ሥዕል) እዚህ ያስለመደ ነው፣ ሳትቸኩይ እዪው

መልስ 2፦ እኔ ግን አዲስ ፋይን አርት እላለሁ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ጋለሪ ነው። ከሚያቀርቧቸው አንዱ ታደሰ መስፍን ነው፣ የጉልት ሴቶችን ቀጥ ብለው እንደ ምሰሶ ቆመው ይስላቸዋል፣ አንዳንዷ ፊቷ ብቻ ጥርት ብሎ ልብሷ ከጀርባው ቀለም ጋር ይዋሃዳል፣ ይሄ በስልክ ፎቶ በጭራሽ አይታይም። ብቻ ደውለሽ ሂጂ፣ በሁለት ኤግዚቢሽን መሃል ከደረስሽ ባዶ ግድግዳ ነው

መልስ 3፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው «አለ» ሥነ ጥበብ ት/ቤት ተመራቂዎች ኤግዚቢሽንም እንዳያመልጥሽ፣ አዲስ እጅ የሚታየው እዛ ነው